በስምህ የተያዘው ክፍል

ለወንድሜ ለፑራን፤ ባንጋሎር።

እንደምን ከረምክ? ጉልበትህስ እንዴት ነው፣ ያ ደመና ሲያይ የሚያምህ? ስሚታ እንዴት ናት? ራስ ምታቷ ለቀቃት ወይስ ዛሬም መጋረጃ ዘግታ ነው የምትውለው? አንቪስ? እናቷን በቁመት ልትደርስባት ነው ሲሉ ሰማሁ፤ እደጊ በላት። ከላያችሁ ያሉት ሰዎች አሁንም ወንበር ሲጎትቱ ያመሻሉ? ሥራህስ ደህና ነው? እኛ አምላካችን እናት ናንዳ ትመስገን በሕይወት አለን። የልጆቼ አባት ደህና ነው። ላሚቱ ወልዳለች። ብርዱ ዘንድሮ ጥርሱን አሳይቶን ሄደ። የእናታችን ጤና በአንድ መስመር የሚያልቅ ስላልሆነ ወደ በኋላ እመለስበታለሁ፤ አትደንግጥ፣ በሕይወት አለች።

ደብዳቤ መጻፌ እንዳይገርምህ። በስልክ ሳገኝህ ሁልጊዜ ስብሰባ ላይ ነህ። "እትዬ ሃንሲ፣ ቆይ መልሼ ልደውልልሽ" ትለኛለህ፤ መልሰህ የደወልክበትን ቀን ግን አላስታውስም። በወረቀት ከሆነ አታቋርጠኝም።

ባለፈው ሳምንት የልጆቼ አባት ስልኩን ከዓይኑ አርቆ ይዞ እየሳቀ መጣና "እንግዳ አገኘን" አለኝ። ከበረቱ በላይ ያሉትን ሁለት ክፍሎች አድሰን ለመንገደኛ ማከራየት እንደጀመርን ነግሬህ ነበር፤ ያን ጊዜም ስብሰባ ላይ ነበርክ። ደጁ ላይ ባለው ቀይ አበባ ዛፍ ስም "የቡራንሽ ማረፊያ" ብለነዋል። ጥያቄውን ልክ እንደ ጦር ሰፈሩ ዘመን ቀጥ ብሎ ቆሞ አነበበልኝ። "ባልና ሚስት ከአንድ ልጅ ጋር በቻይት ወር አጋማሽ ለሦስት ሌሊት ጸጥ ያለ ክፍል እንፈልጋለን። ከገበያው የራቀ ነው ወይ? ሙቅ ውሃ አለ? የአካባቢው ሰው ይበዛበታል? በአራተኛው ቀን ወደ ናይኒታል የሚያደርሰን መኪናስ ይገኛል? ፑራን ሲንግ ራውቴላ፣ ከባንጋሎር።"

"የወንድምሽ ሞክሼ ነው" አለኝ።

"ሞክሼው አይደለም፣ ራሱ ነው" አልኩት።

እስኪያስለው ድረስ ሳቀ። "ይሄ ሰውዬ ከእኛ ተደብቆ ሊያርፍ እኛው ጉያ ገባ!" እያለ ለላሚቱ ሳይቀር ነገራት። እኔ አልሳቅኩም። ከፋኝ። ይህን አንድ ጊዜ ጽፌዋለሁ፣ አልደግመውም።

መጀመሪያ፣ ድንገት ብቅ ብሎ ሊያስደስተን ይሆናል ብዬ ልሟገትልህ ሞክሬ ነበር። ግን ሦስቱ ሌሊት ለጸጥታ፣ አራተኛው ቀን ለናይኒታል ነው። ወደ እናታችን መንደር የምትወርድበት ቀን ከየትኛው ኪስህ ሊወጣ ነው? ደግሞ ወሩ ቻይት ነው። በቻይት ወንድም ለተዳረች እህቱ የተጠበሰውን ቂጣ ፑሪውን፣ ጣፋጩንና አንድ ልብስ ይዞ ደጇን እንደሚረግጥ ከተማ ያለ ሰው ሊረሳው ይችላል፤ ጎረቤት ግን አይረሳም። ከአጥሬ ማዶ ያለችው ኪሙሊ በየዓመቱ "የወንድምሽ ስጦታ ደረሰ?" ትለኛለች። "በስልክ ልኮልኛል" እላታለሁ። "ፑሪውንም በስልክ? ታዲያ ሳይቀዘቅዝ ደረሰልሽ?" ትለኛለች። ዘንድሮ እዚህ ድረስ መጥተህ ከአጥሩ በላይ ባለው ክፍል ተኝተህ ብትሄድ ኖሮ ምን እንደምትለኝ ማሰብ አልፈልግም።

የልጆቼ አባት እንደማንኛውም እንግዳ ቆጥሮ መልስ ልኮልሃል። "ክቡር ሆይ፣ ጥያቄዎ ደርሶናል፤ ስለ ክፍሉ በቅርቡ እናሳውቅዎታለን" የሚለው የእሱ ነው። "ክቡር ሆይ" ያለህ ሆን ብሎ ነው። ይህ ደግሞ የእኔ መልስ ነው።

በመጀመሪያ የመንገዱን ነገር ልጨርስልህ። እስከ ዴልሂ በአውሮፕላን ትመጣላችሁ። ከዚያ መኪና አትከራዩ፣ የሌሊቱን ባቡር ያዙ፤ ጠዋት ካትጎዳም ጣቢያ ያወርዳችኋል። ጣቢያው በር ላይ የሚከቡህን ሾፌሮች አትመን፤ የሁሉም ጂፕ "አሁን ይነሳል"፣ አንዱም አሁን አይነሳም። ለብቻችሁ መኪና ያዙ። ስሚታን ጠመዝማዛው መንገድ እንደማይስማማት ባለፈው አይተናልና ከፊት አስቀምጣት፣ ሎሚ አስይዛት። አልሞራ ስትደርሱ ቁሙና ጣፋጩን ግዙ፤ ከመናኸሪያው ፊት ለፊት ካለው ሱቅ ሳይሆን ከላይኛው ገበያ። ወፍራም ልብስ ያዙ፤ ቀን ላብ የሚያስጠርገው ፀሐይ ከሸንተረሩ ጀርባ ሲገባ ብርዱ አጥንት ድረስ ይዘልቃል። ጭጋግ ካለ በረዶ የለበሰው ተራራ አይታይም፤ ስሚታ እኛን እንዳትቀየም አስቀድመህ ንገራት። አንቪ ደግሞ ምግብ በእጇ ይዛ ደጅ እንዳትወጣ፤ የእኛ ዝንጀሮዎች "እባክሽ" ማለት አያውቁም።

ጸጥታውን በተመለከተ፣ ሞልቷል። የመንደሩ ሰው ግማሹ ወደ ሜዳው ወርዶ በሩ ላይ ቁልፍ ተንጠልጥሏል፤ ከዚህ በላይ ጸጥታ ከየት ይመጣል? ሙቅ ውሃ በባልዲ እናቀርባለን። "የአካባቢው ሰው ይበዛበታል?" ላልከው፣ የአካባቢው ሰው እኔ ነኝ።

አሁን ወደ እናታችን ልምጣ። በማግ ወር፣ ብርዱ በጸናበት ሰሞን፣ ወደ ምንጩ የሚወርደው የድንጋይ ደረጃ በረዶ ጋግሮ ነበር። ደጇ ላይ ቧንቧ አለላት፤ እሷ ግን የቧንቧ ውሃ ውሃ አይደለም ባይ ናት። እንስራዋን ይዛ ስትወርድ አዳለጣትና ወደቀች። ተጣራች፣ ማን ይስማት? የሦስቱም አጎቶቻችን ቤት ዝግ ነው። ሣር ልታጭድ የወጣች ሴት ናት ያገኘቻት፣ ከንፈሯ ጠቁሮ። እጇ አንጓው ላይ ተሰብሯል። ባጌሽዋር ሐኪም ቤት ወስደን በጀሶ አሳሰርንላት። ያን ቀን ነግሬህ ነበር፤ "አይዞሽ እትዬ፣ ገንዘብ እልካለሁ" አልከኝ፣ ላክህም። እውነቱን ለመናገር ጀሶው የተከፈለው በእሱ ነው። ሐኪሙ ግን ሌላም ነገር ተናግሯል፤ ሳንባዋ ብርድ ስለገባው ሌላ የብርድ ወራት እዚያ ቤት ብቻዋን ብትከርም ለፀደይ እንደማትደርስ።

ከሐኪም ቤት በቀጥታ ወደ ቤቴ አመጣኋት። ከዚያ ወዲያ ያለውን ሳልነግርህ ታውቀዋለህ። ልጇን ድራ የሰጠች እናት ከዚያች ልጅ ቤት እህል አትቀምስም፣ ውሃም አትጎነጭም። እኔ የሰው ንብረት ነኝ፤ የሰጡትን መልሶ መብላት ነውር ነው። በረንዳው ላይ ተቀመጠችና ጥቅልሏን ፈታች። የዳጉሳ ዱቄት፣ ጨው፣ አንድ ጠርሙስ ውሃ ከራሷ ምንጭ። በተሰበረ እጅ ቂጣ ልትጋግር!

"እማ፣ ሻይ እንኳን ቅመሽልኝ" አልኳት።

"አልጠማኝም አልኩሽ እኮ። ሽታው ይበቃኛል፣ አጠገቤ አስቀምጪው" አለችኝ።

የልጆቼ አባት እግሯ ላይ ወድቆ ለመናት። "ልጄ፣ አንተን ክፉ አይንካህ፣ አማች እንደ አንተ የለም። ግን ባሌ እዚህ ግቢ አንድ ጉንጭ ሳይጠጣ ነው የሞተው። በዚያኛው ዓለም 'ምን በላሽ?' ቢለኝ ምን እመልሳለሁ?" ብላ አነሳችው። በመጨረሻ ኪሙሊ ቤቷ ጋግራ በአጥሩ ላይ ታቀብላት ጀመር። ያንን በላች። አንድ ቀን ኪሙሊ ዱቄት አልቆባት ከእኔ ወሰደች። እናታችን አንድ ጊዜ ጎርሳ አኘከችና ቂጣውን አስቀመጠችው። "ይሄ የሃንሲ ዱቄት ነው። ከውሃ ወፍጮ ነው የተፈጨው፤ የኪሙሊ ከሞተር ወፍጮ ነው" አለች። በማግስቱ ጀሶዋን በሻሽ አንጠልጥላ ወደ መንደሯ ወረደች። ተከትያት እስከ ወንዙ ሄድኩ፣ ለመንኳት፣ ተቆጣኋት፣ ጮህኩባትም። "ተመለሺ፣ ላሚቱ አልታለበችም" አለችኝ። እንዲህ አይነት ሴት ናት የወለደችን።

ወደ ባንጋሎር ውሰዳት እንዳልልህ አንድ ጊዜ ወስደሃት ነበር። አንተን አላማችህም፣ ስሚታንም አላማችም። የተጣላችው ከአሳንሰሩ ነው። "አንድ ሳጥን ውስጥ ከተውኝ ሌላ ቦታ አወጡኝ" እያለች ለመንደሩ ሁሉ ስታወራ ከረመች። ከሰማይ ጋር ተጎራብታ መኖር አትችልም፤ ያንን መንገድ ዘግተነዋል። የቀረው የእኔ ቤት ነበር፣ የእኔን ቤት ደግሞ ልማዱ ዘጋው። ከዚያ በኋላ እኔም ተስፋ ቆርጬ ነበር።

እንግዲህ ጥያቄህ የመጣው በዚህ መሃል ነው። የልጆቼ አባት ምስጢር ሆዱ ውስጥ አያድርለትም። በነጋታው ከጣሪያዋ ላይ የተንሸራተተውን የድንጋይ ክዳን ሊያስተካክልላት ወረደና ለቀልድ ብሎ "ያ ወንድ ልጅሽ እኮ እኛ ጋ ክፍል ያዘ" አላት። ትስቃለች ብሎ ነበር። እሷ እሳቷን ስትቆሰቁስ ቆይታ ጥያቄ ጀመረች።

"ክፍል የያዘ ሰው ይከፍላል?"

"ይከፍላል እንጂ።"

"ምግቡስ?"

"ከክፍሉ ጋር ነው።"

"እንግዲያ እዚያ የሚበላው እህል የማን ነው? የሃንሲ ነው የከፋዩ?"

"የከፋዩ ነዋ! ሃንሲማ አብሳይ ናት።"

"ሻዩም?"

"ሻዩም።"

"በል ጣሪያህን ጨርስ" አለችው።

በሦስተኛው ቀን ፍየሏን ለዚያች ለሣር አጫጇ አደራ ሰጥታ፣ ላሟን በገመድ እየጎተተች ዳገቱን ወጣች። ላሟን በረታችን ውስጥ አሰረችና በእኔ በር ሳትገባ አለፈች። እንግዶች በሚገቡበት በኩል ዞራ "የፑራን ክፍል የትኛው ነው?" አለችኝ። በጣቴ አሳየኋት። ጫማዋን አወለቀች፣ ፍራሹን በእጇ ተጫነችው፣ አልጋው ላይ ተቀመጠች፣ ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ።

"ሻይ ይመጣል ወይስ ሰው መለመን አለበት?" አለች።

አመጣሁላት። በዚህ ቤት ልጆች ወልጄ አሳድጌአለሁ፣ ለስንቱ ወጪ ወራጅ ሻይ አፍልቻለሁ፤ እናቴ የእኔን ሻይ ስትጠጣ ያየሁት ግን ያን ቀን ነው። ጨርሳ "ዝንጅብሉ በዝቷል" አለች። ወጥ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ደስ ብሎኝ ነው፤ ይህንንም አንድ ጊዜ ብቻ ነው የምጽፈው።

ከዚያ ወዲህ ያለችው እንግዳ በዚህ አገር ታይታ አታውቅም። ብርድ ልብሱ ሳሳ ትላለች። ባልዲው ዘገየ ትላለች። የጥቁር አኩሪ አተሩ ወጥ ውሃ ሆነ ትላለች። "ወንድ ልጄ ከፍሎ ነው እኮ!" ትላለች። የልጆቼ አባት በየጠዋቱ ሰላምታ ሰጥቶ "ምን ይታዘዝ?" ይላታል፣ ታዘዋለች። ሳሏ ቀንሷል። በሁለት እጇ ብርጭቆ መያዝ ጀምራለች። ኪሙሊ እንኳ አጥሩ ላይ ተደግፋ ስታያት ቆየችና "ይሄስ ሕጉን የጣሰ አይደለም፣ ወንድ ልጇ ቤት ያለች ያህል ነው" ብላ ፈረደች። የኪሙሊ ፍርድ ደግሞ የመንደሩ ፍርድ ነው።

ነገር ግን ፑራን፣ አንተ እስካሁን ጠየቅህ እንጂ አልያዝክም። አልዋሸኋትም። "ከፍሏል?" ስትለኝ "መልስ እየተጠበቀ ነው" እላታለሁ። የወፍጮ ልዩነት በምላሷ የምታውቅ ሴት ይህን ስንት ቀን እንደምትቀበለኝ አንተው ገምት። ነገ "አመሰግናለሁ፣ ራኒኬት ከተማ የተሻለ ክፍል አገኘሁ" ብለህ ብትጽፍ፣ ወይም ዝም ብትል፣ ጥቅልሏን አንጠልጥላ፣ ላሟን ፈትታ ትወርዳለች። ሁለተኛ አትመለስም። የሚቀጥለው ማግ ደግሞ ደረጃው ላይ ይጠብቃታል።

ስለዚህ ክፍሉን ያዝ። ለሦስት ሌሊት አይደለም፣ እሷ እስካለች ድረስ ያዘው። እኔ ብከፍልላት የእኔ እህል ይሆናል፤ የልጆቼ አባት ቢከፍል የባሰ ነው። ይህን ማድረግ የሚችል በዓለም ላይ አንድ ሰው ብቻ ነው፣ እሱም ስብሰባ ላይ ነው። ዋጋውን የልጆቼ አባት በስልክ ይልክልሃል። የዘመድ ቅናሽ አትጠይቅ፤ የቀነስኩልህ ያህል የእኔ ስጦታ ስለሚሆን እማ ያንን ያህል አትበላም። አስቤበታለሁ፣ ተማክሬበታለሁም፣ ሌላ መላ የለውም። የምትከፍለውን ምን እንደማደርገው ደግሞ አትጠይቀኝ፤ ምናልባት ለአንቪ ሠርግ ወርቅ ይሆናል።

ገንዘቡን ልከህ ግን እንዳትቀር። ክፍሉ የአንተ መሆኑን ከአፍህ መስማት ትፈልጋለች፤ በስልክ የተነገራትን ነገር ሁሉ እንደ ተረት ነው የምታየው። በሚመጣው ወር በቻይት ና። ሁለተኛውን ክፍል በዚያ ሰሞን የኮልካታ ሰዎች ይዘውታል፣ ስለዚህ የምታርፉት ከእኛ ጋር ነው። አንተ ታናሼ ነህ፤ የእኔን ቂጣ ብትበላ የሚነቅፍህ የለም። ስሚታ ጸጥታው ቀረብኝ ብላ ብትከፋ የእማ ቤት ባዶውን አለ፣ ጣሪያውም ተስተካክሏል፤ ቀን ቀን እዚያ ሄዳ ትዋል። ናይኒታል ግን የትም አይሄድም፣ ሐይቁ ሌላ ዓመትም እዚያው ነው።

የእኔን ሰላምታ ለስሚታ ስጥልኝ፤ ይህን ደብዳቤ አንብብላት እንጂ ከእሷ አትደብቅ፣ እሷ ከአንተ ይልቅ ቶሎ ይገባታል። አንቪን ሁለቱንም ጉንጯን ሳምልኝ። ለታችኛዋ ጎረቤታችሁ፣ ለዚያች እናታችን ባንጋሎር ሳለች አሬራ ታመጣላት ለነበረችው ደግ ሴት፣ እማ እጅ ነስታለች በሉልኝ። የልጆቼ አባት "ክቡር ሆይ" ይልሃል፣ ሰላምታውንም እንደ ወታደር ሰጥቶሃል። ኪሙሊ ፑሪው በዘይት ሳይሆን በቅቤ የተጠበሰ ይሁን ብላለች፤ ለአንድ ቤት ብቻ የሚበቃ ይዘህ እንዳትመጣ፣ በየጎረቤቱ አከፋፍለዋለሁ።

ይህን የምጽፈው እናታችን ክፍል ውስጥ ተቀምጬ ነው። "ለማን ነው?" አለችኝ። "ለፑራን። የምትይው አለ?" አልኳት። "ክፍሉ ደህና ነው፣ ገንዘቡን ሜዳ ላይ አልጣለም በይው" አለችና እንዲህ ጨመረችልህ፤ "እናንተ አልጋውን ወደ በረዶው ተራራ አዙራችሁ ነው ያስቀመጣችሁት። እሱን ከተወለድኩ ጀምሮ አየዋለሁ፣ አልጠፋብኝም። እኔን ወደ መንገዱ አዙሩኝ።"

ዛሬ ጠዋት አዙረንላታል።

እህትህ ሃንሲ

ካውሳኒ፣ ፋልጉን ወር ሊያልቅ ጥቂት ቀን ሲቀረው